ዓሣ ልገዛ የወጣሁ ለት

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲል ስልኬ ይጮሃል፤
"እማዬ፣ የግፊቱን ኪኒን ውጠሻል?"
"ውጫለሁ" እላለሁ።
ኪኒኑ ገና መዳፌ ላይ ነው፣
ውኃውም ከነብርጭቆው።
ውሸት አይባልም ይሄ፤ ትንሽ የቀደመ እውነት ነው።

"አንቺስ?" ስላት፣ "ደህና ነኝ" ትላለች ፊሎሜና ልጄ፤
እንደታጠበ ልብስ ተጨምቆ ይገባል ድምጿ ከጆሮ ደጄ።

ሐሙስ ነው ውጤቱ።
ስለ ሐሙስ አናወራም። የምናወራው ስለ ኤሊው ነው፣
ልጇ ዱዋርቴ ሊዝበን ሊማር ሲሄድ
"ለሁለት ሳምንት ብቻ፣ አያቴ" ብሎ ጥሎብኝ ስለሄደው፤
ይኸው ሦስት ዓመቱ።
ጄኔራል ነው ስሙ። ሰላጣ ይበላል፣ ቲማቲም ይወዳል፤
ከበረንዳ እስከ ጓዳ ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል።
እኔም ሊፍቱ ከተበላሸ ወዲህ ከሱ አልሻልም፤
ሃምሳ አራት ደረጃ ነው፣ ሳላርፍ አልወጣውም።

ረቡዕ ዕለት ዓሣ ልገዛ ወጣሁ።
"ዓይናቸውን እዪው፣ ገና ያዩሻል" አለች ሻጯ፤
አንድ ኪሎ ሰርዲን በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ።
ወደ ቤት ነበር መንገዴ።
እግሬ ግን ወደ ወደቡ ዞረ፣ ሳላዘው በገዛ እጄ፣
እግር በእጅ ይታዘዝ ይመስል!

ጀልባው ጮኸ።
ባሌ አማዴው እዚያ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ቆረጠ፤
በቀን አሥር ጊዜ ሳዶን ተሻግሮ አሥር ጊዜ ተመለሰ።
አንድ ቀን "ነይ" አላለኝም፤ አንድ ቀን "ልምጣ" አላልኩት።
እሱ ትኬት ቆራጭ፣ እኔ ምሳ ቋጣሪ፤
ማዶውን እንደ መንግሥተ ሰማይ በወሬ ነው የማውቀው፣
ከሴቱባል ሳልወጣ ኗሪ።

"ደርሶ መልስ ነው?" አለኝ ልጁ በመስኮቷ ቀዳዳ።
"እንጃ" አልኩት። "መልሱንም ስጠኝ፣ ዓሣው እንዳይጎዳ።"

መሐል ላይ "ዶልፊን! ዶልፊን!" ተባለ፤
ቱሪስቱ ሁሉ ወደ ግራ ተግተለተለ።
እኔ በቀኝ በኩል ከረጢቴን ታቅፌ ቀረሁ፤
ለሰርዲኔም ለጉልበቴም ፈራሁ።
ዶልፊኑን አላየሁም።
የሰውን ጀርባ ግን አየሁ፣ ተደርድሮ፤
ሰው ሲገረም ለካ ከኋላው ሕፃን ነው፣ ሸብቶም ተጣሞም ከብሮም።

ማዶው አሸዋ ነው። ሌላ ምንም የለም።
ሠላሳ አንድ ዓመት የቀናሁት በዚህ ነው? ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።
ተቀምጬ እግሬን ዘረጋሁ።
ያን ጊዜ፣ ረቡዕ ሳያልቅ፣ ሐሙስ መጣብኝ።
"አማዴው" አልኩ፣ "ልጅህ ታማለች መሰለኝ።"
ጮክ ብዬ ኖሯል፤ ውሻ የምታንሸራሽር ልጅ ዞራ አየችኝ።

ስልኩ።
"እማዬ፣ የት ነሽ? ምንድነው የሚነፍሰው?"
"መስኮቱ ተከፍቶ ነው።"
"የትኛው መስኮት? በርሽ ላይ ቆሜ ስንት ሰዓቴ ነው!"

ሁለት ውሸታሞች ደረጃ ላይ ተገናኘን፤
እሷ ሦስተኛው ፎቅ ቁጭ ብላ፣
እኔ ሁለተኛው ላይ ትንፋሼን ፍለጋ።
"ጨው ጨው ትሸቻለሽ።"
"ዓሣው ነው።"
ዝም አለች። ከዚያ፣ ወደ ግድግዳው፣
"ውጤቱ ሰኞ ነው የመጣው። ትንሽ ናት፣ ቶሎ ተገኘች፣ ያወጧታል።
ሐሙስ ያልኩሽ… እኔው እስክለምደው ነው።"

ምን ይባላል?
"ቢላዋው መሳቢያ ውስጥ ነው" አልኳት።
"ቅርፊቱን አንቺ ፋቂ፤ የኔን መነጽር ጨው ይዞታል።"

ጎንበስ ብላ ስትፍቅ አንገቷን አየሁት፤
የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ሹሩባ ስሠራት የማውቀው አንገት፣
ያችው ጥቁር ነጥብ፣ እዚያው ቦታዋ።
ወንበር ስቤ ጫማዬን አወለቅሁ፤
አሸዋው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።
አየችው። አየኋት። ዘይቱ ተንጫጫ።

ነገ በሁለት ሰዓት እኔ ነኝ የምደውለው።
ጄኔራል ከበረንዳው ተነሥቶ፣ በዝግታው፣ መጣ፤
አሸዋው ላይ ሲደርስ ቆመ፣
አንገቱን አወጣ፣
መቆፈር ጀመረ።